ባዘቶ የጎደለበት ቤት፦ ከባሕር ዳር ስማዳ ደርሶ መልስ

ጉዞዬን የጀመርኩት ጥጥ በመግዛት ነው። ሌላ ሰው ወደ ደጋ ሲወጣ ጋቢ ይገዛል፤ እኔ ከሰፈሬ መድኃኒት ቤት አንድ ጥቅል ጥጥ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋቢውን ረሳሁት። መርሳቴን በኋላ ያስታወሰኝ የጉና ብርድ ነው።

የጥጡን ነገር ላስረዳ። ከኤች አይ ቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባሕር ዳር በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፤ ሥራዬ መድኃኒት የጀመሩትን ማበረታታት፣ የጠፉትን መፈለግ፣ የፈሩትን መምከር ነው። ከምመክራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጥጥ ነው። ኪኒኑ የሚሰጠው በፕላስቲክ ብልቃጥ ስለሆነ ሰው በተራመደ ቁጥር ቦርሳ ውስጥ ይንሿሿል። ድምፁን የማያውቅ ምንም አይመስለውም፤ የሚያውቅ ግን ወዲያው ይለየዋል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ ከላይ ጥጥ ጠቅጠቅ ማድረግ ነው። ይህን ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ካስተማርኳቸው አንዷ ጥሩዬ ናት። ባሕር ዳር ስትኖር መድኃኒቷን ከእኛ ዘንድ ነበር የምትወስደው። ባሏ ደሳለኝ ቫይረሱ የለበትም፤ ስለ እሷ ግን ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ ሁሉንም ያውቃል። ደሳለኝ የግንባታ ሥራው ሲቆምበት ክረምት መግቢያ ላይ ሚስቱን ይዞ ወደ ትውልድ ቀየው፣ ስማዳ፣ እናቱ ቤት ገባ። ጥሩዬም ነፍሰ ጡር ሆነች። አማቷ እንዳያውቁባት ስለፈራች በአቅራቢያዋ ባለው በወገዳ ጤና ጣቢያ አልተመዘገበችም፤ «የታመመች አክስቴን ልጠይቅ» ብላ በመስከረም ባሕር ዳር ድረስ መጥታ የሦስት ወር መድኃኒት ወሰደች። በታኅሣሥ ግን ደወለች። ሰባተኛ ወሯ ገብቷል፣ እግሯ አብጧል፣ መኪና ላይ መውጣት አልቻለችም። «እትዬ ዘውዴ፣ ዐሥራ አንድ ፍሬ ቀርቶኛል» አለችኝ። መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ልጁ ነፃ ሆኖ ይወለዳል፤ ከተቋረጠ ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ጤና ጣቢያው የእሷን መድኃኒትና የዝውውር ወረቀት አስያዘኝ፣ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ተነሣሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ መንገድ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ሁለት ቀን ተጉዤ፣ «አልመጣም» ተብዬ ባዶ እጄን የተመለስኩ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ

መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ መናኸሪያ ውስጥ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሁለቱ «ሰላም ነው» አሉኝ፤ ሦስተኛው «ሂጂና ንገሪን» አለኝ። እስከ ወረታ ድረስ አገሩ የእኛው አገር ነው፤ ሜዳ፣ ሙቀት፣ ሩዝ። ሚኒባሱ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲያቃስት መስኮቱን መዝጋት ጀመርን። ደብረ ታቦር ላይ መኪና ቀየርኩ። ጉና ሥር ስንደርስ ክፍት ጫማ የተጫማው እግሬ የእኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ባሕር ዳር ሰው በታኅሣሥም ቢሆን ጥላ ፍለጋ ይሻገራል፤ እዚህ ፀሐይ ያለበትን የመንገድ ዳር እየመረጠ ይቆማል። ከብቶቹ ሳይቀሩ ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆመዋል።

ንፋስ መውጫ እንደወረድኩ ነፋሱ በስሟ አልተወሰነም፣ ነጠላዬን ገፎ ባጃጅ ላይ ጣለው። ነጠላዬን አሳድጄ ይዤ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አንድ የጨርቅ ሱቅ ገባሁና ጋቢ ጠየቅሁ። ባለ ሱቋ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ ዐዩኝ።

«የት አገር ሰው ነሽ?»

«የባሕር ዳር።»

«ጫማሽ ነግሮኛል። ለስንት ቀን ነው የመጣሽው?»

«ለአራት አምስት ቀን።»

«እንግዲያ ጋቢ አልሸጥልሽም። ባሕር ዳር ምን ታደርጊበታለሽ? የእኔን ለብሰሽ ሂጂና በሹፌር መልሺልኝ።»

እንቢ ብልም አልሰሙኝም። ሻይ ከትኩስ ዳቦ ጋር አስቀረቡልኝ፣ ጋቢውን በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፣ አልጋ የሚከራይበትንም ቤት በልጃቸው አስመሩኝ። ባሕር ዳር ስሙን ለማላውቀው ሰው ጃንጥላ እንኳ አላውስም። አልጋ ቤት ውስጥ እራቴ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ነበር፤ ጾም ነው፣ አገሩም የድንች አገር ነው። ዓሣ የለመደ ሰው ድንች ያን ያህል ይጣፍጣል ብሎ አያስብም። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ እንደ ሁልጊዜው ኪኒኔን ዋጥኩና ጋቢውን ተከናንቤ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ ወደ ወገዳ

ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ የሚሄደው አውቶብስ ሰውም ጭነትም አጭቆ ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጡት ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ በቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ አረጋዊ ናቸው። ስማዳ የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ነው። ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም የኔታ አልኳቸው።

መንገዱ ጀመረ። የእኛ ሰፈር ሰው ኮብልስቶኑ ተነሣ ብሎ ያማርራል፤ እዚህ መጥቶ ይየው። አውቶብሱ አንድ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ጭኔ ላይ ያለው ቦርሳ «ሿ» አለ። ደነገጥኩ። የጥሩዬን ሦስት ብልቃጥ በጥጥ ጠቅጥቄ የራሴን ረስቻለሁ። የዕቃ መዓት ተጭኖብኛል፣ ከፍቼ መጠቅጠቅ አይቻልም። ስለዚህ ያለኝ ዘዴ ማሳል ነበር። ጉድጓድ ሲመጣ አየሁና ሳልኩ። ሌላ መጣ፣ ሳልኩ። ስማዳ ደግሞ የጉድጓድ ድሃ አይደለም።

የኔታ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ብርዱ ያዘሽ» አሉና ከኮሮጇቸው የተፈጨ ፌጦ አውጥተው፣ በውኃ በጥብጠው፣ በኩባያ አቀረቡልኝ። ፌጦ ያልቀመሰ ሰው የሰናፍጭ ታላቅ ወንድም ነው ብሎ ያስበው። ለሌለብኝ ሳል ኩባያውን ጨለጥኩት፤ እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ከዚያ በኋላ የሳልኩት የእውነት ነው። መንገደኛው ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ጎማው እስኪቀየር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ ስንበላ የኔታ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ድምፅ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንቺ ሳል የሚነሣው ከጉድጓዱ ጋር ነው። ሜዳ ላይ አንድም ጊዜ አልሳልሽም።»

ቦርሳዬን ወደ ሆዴ አስጠጋሁ።

«ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም» አሉኝ። «መድኃኒት ከሆነ ግን የሰጠው ፈጣሪ ነው። አትሳዪበት።»

ዳቦ ቆሏቸውን ወደ እኔ አስጠጉልኝና ስለ ዘንድሮ ገብስ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ወገዳ እስክንደርስ ድረስ ስለ ገብሱ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሰው አትፈሩ እያልኩ የምውል ሴት፣ ፌጦ እስክጠጣ ድረስ ፈርቻለሁ።

ወገዳ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ መድኃኒቱን የምትሰጠውን ሲስተር መሠረትን አገኘሁ። ወጣት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ናት። የዝውውር ወረቀቱን አነበበችና «ጎሽ፣ ይቺ ሴት ደግሞ ለምን ባሕር ዳር ትመላለሳለች?» አለች። ሰው እንዳያያት ነው አልኳት። ያኔ ነው ስለ ቡድኑ የነገረችኝ።

«በዚያ ቀበሌ ስድስት ሰዎች አሉ። ሁላቸውም በየጊዜው እኔ ዘንድ ይመረመራሉ። መድኃኒቱን ለመውሰድ ግን ስድስቱም አይመጡም፤ በሦስት ወር አንዴ አንዱ ተራ ገብቶ ለሁሉም ይወስዳል። ይህን እኛ አላስተማርናቸውም ማለት ይቻላል። እኛ ‹ቡድን መሥርቱ› አልናቸው፤ እነሱ ግን የሚካኤል ማኅበር አደረጉት። በወር በወሩ በየተራ ይደግሳሉ፣ ጠላና ዳቦ ይቀርባል፣ ከጸሎት በኋላ መድኃኒቱን ይካፈላሉ። ጎረቤት የሚያውቀው ማኅበርተኛ መሆናቸውን ብቻ ነው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። እኛ በጤና ጣቢያ አዳራሽ ስብሰባ ጠርተን፣ በሻይና በብስኩት አባብለን የማናገኘውን ነገር ገበሬዎች በጠላ ሠርተውታል። «እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ የሞኝ ጥያቄ ነው።

«እሱን አልነግርሽም» አለች እየሳቀች። «ባለ ተራዋ ትናንት ወስዳለች፤ ይህንም መናገር አልነበረብኝም። ያንቺ ልጅ ፈቃዷ ከሆነ ግን ትንገረኝና እኔ አገናኛታለሁ።»

ያን ቀን ሲስተር ቤቷ አሳደረችኝ። አንድ አልጋ ብቻ ስላላት እሷ መሬት ልተኛ፣ እኔ መሬት ልተኛ እያልን ተከራከርንና በመጨረሻ ሁለታችንም አልጋው ላይ እግርና ራስ ሆነን ተኛን።

ሦስተኛው ቀን፦ ይመኙሻል ቤት

ጠዋት ደሳለኝ በቅሎ ይዞ መጣ። በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ አስጠነቀቀኝ፣ ወጣሁ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወረድኩ፣ የቀረውን ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። በቅሎዋ ባዶዋን እየተከተለችኝ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። በግራም በቀኝም ውድማ ነው፤ በሬዎች ገብስ ያበራያሉ፣ ወንዶች በመንሽ ገለባውን ወደ ነፋስ ይበትናሉ። ውድማ ባለፍን ቁጥር «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ፣ ቅመሺ» ይሉናል። ባሕር ዳር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስሄድ ማንም ግቢ ብሎኝ አያውቅም።

ደሳለኝ መንገድ ላይ አደራውን ነገረኝ። «እማ ዘንድ አንቺ የጥሩዬ አክስት ነሽ፤ የታመመችው። እማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ምላሷ ይፈራል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ብቻዋን ነው ያቆመችው። ካወቀች ጥሩዬን ታስወጣታለች ብዬ ሳይሆን፣ ጥሩዬ እንደዚያ ብላ ስለምትፈራ ነው።»

ወይዘሮ ይመኙሻል ደጃፋቸው ላይ ተቀብለውኝ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ በሞቀ ውኃ እግሬን አጠቡኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዐይናቸው ሁሉን የሚያይ ሴት ናቸው። እግሬን እያጠቡ ጉንጬን ዐዩ፣ ክንዴን ዐዩ።

«ታማለች ያላችሁኝ ይቺን ነው?»

«ተሽሎኛል» አልኩ።

«ይመስገነው። ለጥሩዬ አክስት የምትሆኚው በአባቷ ነው በእናቷ?»

እኔ «በእናቷ» አልኩ። ጥሩዬ በዚያችው ቅጽበት ከማጀት «በአባቷ» አለች።

«በሁለቱም» አለ ደሳለኝ።

በዚህ አገር የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይመኙሻልም አስቆጠሩኝ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ከራሴ ዘመዶች ሞላሁ፣ ሦስተኛውን ከጎረቤቴ ተበደርኩ፣ አራተኛው ላይ ጠፋሁ። እሳቸውም እግሬን በፎጣ አድርቀው ጨረሱና የገብስ እንጀራ በስልጆ አቀረቡልኝ። ስልጆው ከየኔታ ፌጦ ጋር የሥጋ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን እየጣፈጠኝ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ከጥሩዬ ጋር ብቻችንን ጓሮ ተቀመጥን። ሦስቱን ብልቃጥ ስሰጣት ጉልበቴን ስማ አለቀሰች። መድኃኒቱን በተራ ስለሚወስዱት ስድስት ሰዎች ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«እትዬ ዘውዴ፣ እነዚህ ስድስት ሰዎች የሰው ልጆች አይደሉም? አማቴን አያውቁም? ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ቢነግሯትስ?»

«እነሱም የሚደብቁት አላቸው እኮ።»

«እነሱ የራሳቸው ቤት አላቸው። እኔ የሰው ቤት ነው ያለሁት።»

«መውለጃሽስ? ሲስተር ካላወቀችሽ ልጁ ሲወለድ የሚሰጠውን መድኃኒት ማን ይሰጠዋል?»

እሷ ግን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ብልቃጦቹን በእቅፏ ደበቀች፤ ከዚያ ሄዳ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ መሐል ቀበረቻቸው። ተስፋ ቆረጥኩ ማለት አልወድም፤ ያን ሰዓት ግን የመጣሁት ሦስት ወር ለመግዛት ብቻ እንደሆነ ተሰማኝ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ያው ፍርሃት ነው።

ማታ እሳት ዙሪያ ተቀመጥን። ይመኙሻል እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ከጎናቸው ባለው ሙዳይ ውስጥ ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ፣ ባዘቶ፣ አለ። እፍኝ አነሡና ወደ ሙዳዩ አጎንብሰው ተመለከቱ።

«ይቺ አይጥ ባዘቶዬን ጨረሰችው» አሉ። «ከክረምት ጀምሮ በየጊዜው ይጎድላል። አይጥ ጥጥ ትበላለች ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ጥሩዬ ወደ እሳቱ አጎነበሰች። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። አይጧን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። የመድኃኒት ቤት ጥጥ በሌለበት አገር ጥሩዬ ብልቃጦቿን የምትጠቀጥቀው በአማቷ ባዘቶ እንደሆነ እዚያው ገባኝ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ውኃ በኩባያ ይዤ «አየር ልቀበል» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ጥሩዬ ውኃ ይዛ ማጀት ገባች። እሷ ስትመጣ ይመኙሻል ተነሡና «ላሟን ልይ» ብለው በኩባያ ውኃ ይዘው ወጡ። ላም በኩባያ ውኃ ስትጠጣ አላየሁም፤ ግን እንግዳ ነኝ፣ የአገሩ ልማድ ይሆናል አልኩ።

ሊተኙ ሲሉ «ነገ ሚካኤል ነው። ማኅበሬ እዚህ ነው፤ ባለ ተራዋ እኔ ነኝ» አሉ። ወዲያው ሲስተር ያመለጣት ቃል፣ «ባለ ተራዋ ትናንት ወስዳለች» ያለችው፣ ትዝ አለኝ። ጥሩዬን አየኋት፤ ቡድኑ የሚካኤል ማኅበር መሆኑን ገና አልነገርኳትም ነበርና ምንም አልመሰላትም። እኔም ተሳስቼ እንደሆነስ ብዬ አፌን ዘጋሁ። በዚህ አገር ሚካኤልን የማይዘክር ማን አለ?

አራተኛው ቀን፦ ሰባተኛዋ

አምስት ማኅበርተኞች መጡ፤ ሦስት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች። አንደኛው ሸምገል ያለ ገበሬ የማኅበሩ መሪ ነው፤ «ሙሴ» ይሉታል። ከይመኙሻል ጋር ስድስት ሆኑ። ቆጠርኩ፣ ደግሜም ቆጠርኩ። ጸሎት ተደረገ፣ ድርሳኑ ተነበበ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ስለ ምርት፣ ስለ በሬ፣ ስለ ማዳበሪያ ተወራ። እኔ እንደ ሕፃን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየሁ ዳቦዬን መብላት ረሳሁ።

ከዚያ ይመኙሻል ተነሡና በሩን መለስ አደረጉ። እንደ ልማዱ ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው የሚወጣበት ሰዓት ነው። ጥሩዬ ማሰሮዋን ይዛ ልትወጣ ስትል «አንቺ ቁጭ በይ» አሏት። ወደ እኔም ዞረው «አክስቲቱም ተቀመጪ» አሉ። አክስቲቱ የሚለውን ቃል ትንሽ ጫን አድርገው ነው።

ከጎታው ጀርባ አገልግላቸውን አወጡና ክዳኑን ከፈቱ። ውስጡ የመድኃኒት ብልቃጦች ናቸው። ሁሉም ማንበብ ስለማይችል በየብልቃጡ አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ክር ታስሯል፤ ቀዩ የሙሴው፣ ሰማያዊው የአንዷ ሴት፣ እያሉ አደሉ። የመጨረሻውን፣ ነጭ ክር የታሰረበትን፣ ራሳቸው ያዙት። ክዳኑን ከፍተው ከአፉ ላይ እፍኝ ባዘቶ አወጡ።

«የእኔ ይሄ ነው» አሉ። «ባዘቶዬን የምትወስደው አይጥ ሁለት እግር እንዳላት ገና በመጀመሪያው ወር ዐውቄያለሁ። ለምን ዝም ያልኩ ይመስልሻል፣ ጥሩዬ? እኔም ከዚያው ሙዳይ ነው የምወስደው።»

ጥሩዬ ማሰሮውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ሙሴው ተነሥቶ ከእጇ ተቀበላት።

«ማኅበራችን ሕግ አለው» አለ። «በራሱ ፈቃድ ያልመጣን ሰው ስሙን ጠርተን አናወጣም። እህታችን ይመኙሻል በየወሩ ‹ምራቴ አንድ ቀን ትነግረኛለች› ትለን ነበር። እየጠበቀችሽ ነው።»

«ትናንት ግን ጨነቀኝ» አሉ ይመኙሻል። «ልጁ እየደረሰ ነው። ደግሞ ይቺ አክስት አራተኛው ቤት ላይ ጠፋች። ሁለት ሰዓት ሲሆን በኩባያ ውኃ ይዛ ወጣች። አንቺ በኩባያ ውኃ ይዘሽ ማጀት ገባሽ። እኔ በኩባያ ውኃ ይዤ ላም ልይ አልኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ የሚጠማው ሰው በዚህ ቤት በዛ። ዛሬ ከአምስቱም ፈቃድ ጠይቄ ነው ያስቀመጥኩሽ።»

ጥሩዬ ከአማቷ እግር ሥር ወደቀች። ይመኙሻል ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም እንባ ቀደማቸው፤ ግን ምላሳቸው አልተኛም። «ለሚካኤል ጠላ ነው የሚቀርበው፣ እንባ አይደለም፤ ተነሺ» አሏት። በሩ ተከፈተ። ደሳለኝ ሁለተኛ ጋን ሊያወርድ ገብቶ፣ የእናቱን እጅ፣ በእጃቸው ያለውን ብልቃጥ አየ።

«እማ?» አለ።

«አባትህ ትቶልኝ የሄደው ነው» አሉት። «አንተ ልጅ ነበርክ፤ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ደሳለኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ የእናቱን ጉልበት ሳመ። እኔ ደግሞ፣ አፍሬ ልናገር፣ እልል አልኩ። ሁሉም ደንግጦ ዞሮ ዐየኝ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተከተሉኝ፤ ጎረቤት ጠላው ገና በማለዳ ራሳቸው ላይ ወጣ ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ፤ በዚህ ነው የገረሙኝ። ለጥሩዬ ብልቃጥ አረንጓዴ ክር ተመረጠ። የማኅበሩ ተራ ሰባተኛ ሰው ተጨመረበት። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛውን የሚሸከሙት አራት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ እስከ የትኛው ወንዝ ማን እንደሚይዝ፣ በሌሊት ቢሆን ለሲስተር መሠረት ማን እንደሚደውል አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ጥሩዬ የዝውውር ወረቀቷን በገዛ እጇ ለአማቷ ሰጠች፤ በማግሥቱ አብረው ወገዳ ሊሄዱ ነው። ባሕር ዳር ይህን ለመወሰን ሦስት ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ይፈጅብን ነበር።

አምስተኛው ቀን፦ በእስቴ በኩል መልስ

ሦስታችን ወገዳ ደረስን፤ ጥሩዬ በበቅሎዋ ላይ፣ እኔ በእግሬ፣ ይመኙሻልም በእግራቸው፤ ከእኔ ይፈጥናሉ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ተሳስመን ተለያየን። አንድ ትልቅ ዳቦና አንድ ልቃቂት ፈትል ተሸከምኩ። ይመኙሻል ፈትሉን ሲሰጡኝ «ይሄ ከአይጧ የተረፈው ነው» አሉኝ።

የእትዬ ዘይነባን ጋቢ ወደ ንፋስ መውጫ ለሚሄድ ሹፌር አደራ ሰጥቼ እኔ በእስቴ በኩል ተሳፈርኩ። መንገዱ በጋቢ ይሁን ያለ ጋቢ ያው ነው፣ ይነቀንቃል። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ላይ ለምሳ ስንቆም ብልቃጤን አወጣሁ። ከወገዳ ስነሣ እንደ ልማዴ ጥጥ ጠቅጥቄበት ነበር። ትንሽ አየሁት። የኔታ ትዝ አሉኝ፣ ይመኙሻልም። ጥጡን አወጣሁና ክዳኑን መለስኩ።

ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር በጉድጓድ ሁሉ «ሿ» ይላል፤ እኔ አልሳልም። ከጎኔ ያለው ጎልማሳ ነጋዴ ቦርሳዬን ደጋግሞ አየና «ቆሎ ነው?» አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። «የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው» አልኩት።

«እኔ እኮ ቆሎ መስሎኝ ከእስቴ ጀምሮ ምራቄን እየዋጥኩ ነው» አለ። ከዚያ ከራሱ ኪስ ሽምብራ ቆሎ አወጣና እጄን አስዘርግቶ አፈሰሰልኝ። እስከ ደብረ ታቦር እየቆረጠምን ስለ ሽምብራ ዋጋ አወራን።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ

ማስታወሻዬ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጥሩዬ በቀኗ፣ በአራት ሰው ቃሬዛ፣ ወገዳ ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ሴት ናት። በስድስተኛ ሳምንቷ የሕፃኗ ደም ተወስዶ ለምርመራ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ስልኬን ሻወር ቤት ድረስ ይዤ ነበር የምገባው። ትናንት ጠዋት ደወሉ። ይመኙሻል ናቸው።

«ነፃ ናት» አሉኝ።

አልቅሼ ስጨርስ ስሟን ጠየቅሁ። ክርስትና ገና ነው፣ እኔ ግን አይጢት ነው የምላት አሉኝ። ከጀርባ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሿ፣ ሿ፣ ሿ። ሕፃኗ ዝም አለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«ባዶው ብልቃጥ ነው» አሉ። «ገብስ ጨምሬበት መጫወቻዋ አደረግሁት። ካላንሿሿሁላት አትተኛም።» ስልኩን አስጠግተው እንደገና አንሿሹት። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኳቸው።